ግብሩን የከፈለው ማነው?

ወረቀቱን የሰጠችኝ ራሷ ተከራያችን ነበረች። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝና፣ “ጋሼ፣ ከወረዳ መጥተው ነበር፤ ይኼን ስጪልን ብለው ነው” ብላ የታጠፈ ወረቀት አቀበለችኝ። መነጽሬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነው። በዓመት 240 ብር ስከፍልበት ለኖርኩት ቤት 4,380 ብር ክፈል ይላል።

“ጋሼ፣ ደህና ነው?” አለችኝ ፊቴን አይታ።

“ደህና ነው” አልኳት። ደህና አልነበረም።

ተከራያችን ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ፣ አንዲት ሴት ልጅ የምታሳድግ ወጣት ናት። ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ፣ አንድ ክፍልና ትንሽ ማድቤት፣ በ4,500 ብር ተከራይታ አራት ዓመት ኖራለች። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ልጅቱ ፊደል የቆጠረችው እኔ በረንዳ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስጠራኋትና ንግግሬን ከሩቅ ጀመርኩ። ኑሮው ተወደደ፣ ይኸው የመንግሥት ግብርም ጨመረ፣ ወረቀቱን አንቺም አይተሽዋል አልኩ። ቀጥዬም፣ “ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 5,500 ብናደርገውስ?” አልኳት። “ብናደርገውስ” ማለቴን ልብ ይሏል። ጥያቄ የሚመስል ትእዛዝ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማችን አስተዳደር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን የሚከለክል ደንብ ደጋግሞ አውጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ግቢ ውስጥ በቃል የሚደረግ ስምምነት ደንብ አያነብም።

“እሺ ጋሼ” አለች።

“እሺ ይበልጣል ከሺህ” ይላል የአገራችን ሰው። እኔ እሺውንም ሺሁንም ወሰድኩ። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ግን ዕቃዋን በጋሪ አስጭና፣ ባለቤቴን ስማ፣ እኔንም “ጋሼ፣ ብዙ ውለታ አለብኝ” ብላ ሄደች። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሌላ ሴት ጋር ተዳብላ ነው የገባችው። ልጅቱ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ለወጠች።

ሰርቪሷ አንድ ሳምንት እንኳ አላደረችም። ወዲያው በ5,500 ብር ሌላ ሰው ገባባት።

ሂሳቡን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሳልሆን ባለቤቴ ነች በእውነቱ የሠራችው። ግብሩን ከፍዬ ደረሰኙን ፋይል ውስጥ ላስቀምጥ ስል፣ “እስቲ አምጣው” አለችና በእርሳስ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ጭማሪው በዓመት 4,140 ብር ነው። ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በወር 345 ብር ይሆናል። ሰርቪሷ ከግቢው ቤት ሩቡን ብትይዝ ነው። እንግዲህ ከግብሩ ጭማሪ የተከራያችን ድርሻ በወር 86 ብር ከሳንቲም መሆኑ ነው። እኔ የጠየቅኳት 1,000 ብር ነበር።

“ታዲያ 914ቱ የማን ግብር ነው?” አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ስለ ቤት ግብር ሲወራ ሁልጊዜ ሁለት ወገን ብቻ ይታየናል፤ አስከፋዩ መንግሥትና ከፋዩ ባለቤት። ተከራዩ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት በክርክሩ ውስጥ ስሙ አይነሳም። የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ምን ያህሉ በተከራየው ጣሪያ ሥር እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን።

“ግብር” የሚለው ቃል ራሱ የሚደንቅ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን አንዱን ቃል አምጡና ሆዱን እንክፈተው እላቸው ነበር። ግብር ሕዝብ ለመንግሥት የሚያገባው ነው። ግብር ጌታ ለሠራዊቱና ለድሃው የሚያበላው ድግስም ነው። ሥራና ምግባርም ነው፤ “ግብረ ገብ” የምንለው ከዚሁ የወጣ ነው። አባቶቻችን የሚቀበለውንም፣ የሚያበላውንም፣ የሰውየውንም ሥነ ምግባር በአንድ ቃል መጥራታቸው ዝም ብሎ አይመስለኝም። የሚያስገብር ማብላት አለበት፤ የሚያበላውም በአግባቡ ማስገበር አለበት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ባላገሩ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሳው ግብር ጠልቶ አይደለም። ግብሩንማ ሲገብር ኖሯል። የተነሳው ከሚገባው በላይ ሲጠየቅ ነው።

እኔም ለካ በገዛ ግቢዬ ትንሽ ፊታውራሪ ሆኜ ነበር።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ትንሽ ወደኋላ ሄደን እንይ። ማን ያውራ የነበረ እንዲሉ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከምንኖርበት ሌላ የምታከራየው ባለሁለት ክፍል ቤት ነበራት፤ ተወረሰ። እናቴ ስታለቅስ፣ ተከራዮቿ ደግሞ ደስታቸውን ለመደበቅ ሲቸገሩ ትዝ ይለኛል። ያ አዋጅ በወር እስከ 300 ብር የነበሩ ኪራዮችንም ቀንሷል፤ ዝቅተኛ የሚባለው ኪራይ በግማሽ ወረደ። እነዚያ ሰዎች የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነው በጥቂት ብር አሥርት ዓመታት ኖሩበት። ቤቱ ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው አላገኘም። ተከራዩ “የመንግሥት ነው” ይላል፣ ቀበሌው “በዚህ ኪራይ በምን ላድሰው” ይላል። ርካሽ ኪራይ ድሃን ከጎዳና እንዳዳነ አይቻለሁ፤ ያንኑ ድሃ ዝናብ እንዳስመታውም አይቻለሁ።

በዓመቱ፣ በ1968 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 80 ወጣ። የከተማ ቤት ግብር ማለት ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ ከሚገመተው ኪራይ ላይ ከ1 እስከ 4.5 በመቶ የሚከፈል ሆነ። የጣሪያና ግድግዳ የምንለው ይኸው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ የኪራይ ግምቱ ለረጅም ዘመን ከኑሮው ኋላ ቀርቶ መኖሩ ነው። እኔ በሰርቪሷ ብቻ በወር 4,500 ብር እየተቀበልኩ ለግቢው ሁሉ በዓመት 240 ብር እከፍል ነበር። በዚያን ጊዜ “ይኼ ግብር ትንሽ ነው፣ ፍትሐዊ አይደለም” ብዬ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ሰው መቼም የሚጠቅመውን ስህተት ለማረም አይቸኩልም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የቤቴ ዋጋ የጨመረው በእኔ ላብ አይደለም። ሰፈራችን አስፋልት ሲገባ እኔ አንድ አካፋ አፈር አላነሳሁም። ውኃው፣ መብራቱ፣ ታክሲው ሲመጣ ሁሉም በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በዚያች ልብስ ሰፊ ገንዘብ ጭምር። እሷ ከደመወዟ ላይ ግብሯ ገና እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። በየሸቀጡም ትከፍላለች። አስፋልቱን በጋራ ሠራነው፤ አስፋልቱ ያመጣው ዋጋ ግን ለእኔ ብቻ ቀረ። ይባስ ብሎ አስፋልቱ ሰፈሩን ስላስወደደው የእሷ ኪራይ ጨመረ። እንዲህ ሲታይ በቤት ላይ ግብር መጣሉ ግፍ አይደለም። ግፍ ካለ ሳይከፈል የኖረው ነው።

ሌላም አለ። ብር ባንክ ውስጥ ሲቀመጥ የሚሟሽሽበት ዘመን ስለሆነ ቤት ራሱ ባንክ ሆኗል። ገንዘብ ያለው ሰው ቤት የሚገዛው ሊኖርበት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ሊያስቀምጥበት ነው። መጋረጃ ያልተሰቀለባቸው፣ መብራት የማይበራባቸው ፎቆች፣ ታጥረው ሣር የበቀለባቸው ቦታዎች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። ዘግቶ ለማስቀመጥ የሚከፈለው ግብር ኢምንት ከሆነ ማን ምን አስጨንቆት ያከራያል? ማንስ ይሸጣል? በቤት ላይ የሚጣል ዓመታዊ ግብር ከፍ ሲል የመሸጫ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ገዢው ወደፊት በየዓመቱ የሚከፍለውን አስቦ ነውና የሚገዛው። ቤት ላለው ሰው ይህ ኪሳራ ነው። ገና ቤት ለመግዛት ለሚያጠራቅም ወጣት መምህር ግን መግቢያው በር በጥቂቱም ቢሆን ይሰፋለታል። ያው ግብር ለአንዱ ቤተሰብ ሸክም ለሌላው ተስፋ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን ሰው ብዙ አላየሁም።

ታዲያ ተከራዩ ላይ ሲደርስስ? እዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከእኔ ቢጤ አከራይ የተሻለ ሐቀኞች ናቸው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ የቦታን ኪራይና የቤትን ኪራይ ለይቶ አይቷል። በቦታ ላይ የሚጣል ግብር የሚያርፈው በባለቦታው ላይ ነው ይላል። ምክንያቱም ቦታ በግብር ምክንያት አይጠፋም፣ አይሸሽም፤ ባለቦታው ድሮውንም ገበያው የሚችለውን ያህል ነው የሚያስከፍለው። በሕንፃው ላይ የሚጣለው ግን ሌላ ነው። ግብሩ ከበዛ የሚሠራው ሰው ይቀንሳል፤ ቤት ያንሳል፣ በዓመታት ውስጥም ኪራይ ይወጣል። ከዚህም አልፎ ግብሩ አለቦታው ከተተከለ ኪራይ ብቻ ሳይሆን ኑሮ ያበላሻል። በእንግሊዝ አገር ከ1696 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. ቤት የሚገበረው በመስኮቱ ቁጥር ነበር። ባለቤቶች ግብር ለመሸሽ መስኮት በጡብ ደፈኑ። ከፋዩ አከራዩ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የቀረው ግን ተከራዩ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳፈረኝ የካሊፎርኒያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የዚያ ግዛት ሕዝብ በቤት ግብር ተማርሮ በድምፁ ሕግ አወጣ። ግብሩ ከተመዘገበው የንብረት ዋጋ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የተመዘገበውም ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ተወሰነ። የሕጉ ደጋፊዎች ለተከራዮች “ግብሩ ሲወርድ ኪራያችሁም ይወርዳል” ብለው ነበር። ግብሩ ወረደ፤ ኪራዩ ግን በአብዛኛው አልወረደም። ተከራዮች ተቆጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሎስ አንጀለስ፣ ሳንፍራንሲስኮና ሳንታ ሞኒካ የኪራይ ቁጥጥር ሕግ አወጡ። እንግዲህ ግብር ሲጨምር “ምን ላድርግ፣ ግብሩ ነው” የምንል አከራዮች፣ ግብር ሲቀንስ ስለ ግብር አንድም ቃል አይወጣንም። ይህ ምን ይባላል?

ከመጽሐፉ ወጥቼ ወደ ግቢዬ ልመለስ። ሰርቪሷ በሳምንት ውስጥ በ5,500 ብር ተከራየች ብያለሁ። ስለዚህ ገበያው 5,500 ብርን ከግብሩ በፊትም ይችል ነበር ማለት ነው። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ለምን 4,500 ብር አስከፈልኳት? ደግ ስለሆንኩ ነው እንዳልል ኋላ የሠራሁት ያጋልጠኛል። ይሉኝታ ስለያዘኝ ነው። በየቀኑ “እንደምን አደሩ ጋሼ” የምትለኝን ሴት፣ ቡና ስታፈላ የምትጠራንን ሴት፣ ያለ ምክንያት 1,000 ብር ጨምሪ ማለት አፌ አልችል ብሎ ነው። በዚች ከተማ ስንት ኪራይ በሕግ ሳይሆን በይሉኝታ ተይዞ እንደቆመ መንግሥት የሚያውቅ አይመስለኝም። የግብሩ ወረቀት ሲመጣ ከወጪዬ በላይ የነካው ይህንን ነው። ምክንያት ሰጠኝ። ይሉኝታዬን ከትከሻዬ ላይ አወረደልኝ። የጎረቤቶቼንም እንዲሁ፤ በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ “ግብሩ” አለ።

914ቱ ብር የማን ግብር ነው ላለችው ባለቤቴ መልሱ ይኸው ነው። የእኔ ግብር ነው። ያስገበርኩት እኔ ነኝ፤ የመንግሥትን ስም ተውሼ።

“ኑሮው እኮ ላንተም ተወዷል” የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። እውነት ነው። ጤፉም ዘይቱም ለአከራይ በቅናሽ አይሸጥም። ግን እንደዚያ ከሆነ ለምን እንደዚያ አላልኳትም? “ልጄ፣ ኑሮ ከብዶኛል፣ 300 ብር ብትረጂኝ” ብላት ሁለታችንም ችግረኞች ሆነን እንነጋገር ነበር። ምናልባትም እንስማማ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን መካከላችን አቆምኩት። ከወረቀት ጋር ማን ይከራከራል? “እሺ ጋሼ” ከማለት በቀር ምን ምርጫ ነበራት?

ይህን ሁሉ ስል ግብሩ የሚጎዳው ባለቤት የለም ማለቴ አይደለም። ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ አንዲት እማማ አሉ። በሟች ባላቸው ጡረታ የሚተዳደሩ፣ ዋናው መንገድ ዳር ሰፊ ግቢ ያላቸው። የሰፈሩ ደላላ ሁሉ ግቢያቸውን በሚሊዮን ይጠራዋል። እሳቸው ግን ከዚያ ሚሊዮን አንዲት እንጀራ ጋግረው አያውቁም። “ልጄ፣ ግድግዳ አይበላ” አሉኝ አንድ ቀን፣ ወረቀታቸውን እንዳነብላቸው ሰጥተውኝ። ሸጠው ይሂዱ የሚል ብልጥ ይኖራል። እድራቸው፣ ማኅበራቸው፣ የባላቸው መቃብር፣ ሲታመሙ የሚደርስላቸው ጎረቤት ያለው እዚሁ ነው። ይኼ ሁሉ የቤቱ ዋጋ ውስጥ አልተገመተም።

ለእሳቸው መፍትሔ የለም? አለ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት 55 ዓመት የሞላው ባለቤት የሚኖርበትን ቤት ግብር አቆይቶ፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወደ ወራሽ ሲተላለፍ ከነወለዱ እንዲከፈል ማድረግ ይችላል። አሮጊቷ ከቤታቸው አይነቀሉም፤ መንግሥትም ድርሻውን አያጣም። ለእማማ የሚገባው እንዲህ ያለ ርኅራኄ ነው። “ለድሃ አሮጊቶች ሲባል ግብሩ ለሁሉም ይቅር” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በአሮጊቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ የሚጮኸው ባለ አምስት ፎቁ ነው። እኔም ባለፈው ተደብቄ ነበር፤ ስለዚህ ቦታውን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሕጎች መጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በሚመለከተው አካል ጣሪያ እንዲበጅለት ደንግጓል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፤ በከተማ ቦታ የመጠቀም መብትና በላዩ በተሠራው ሕንፃ ዋጋ ላይ የሚጣል ነው። ሁለቱ አዋጆች አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንደኛው አከራዩን “ክፈል” ይለዋል፣ ሌላኛው “አትጨምር” ይለዋል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከተገናኙ አከራዩ የሚወስደው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ ወይም በወረቀት አንድ፣ በእጅ ሌላ መቀበል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

እኔ ሕግ አውጪ አይደለሁም። አንድ ቀላል ነገር ግን ይታየኛል። ግብር ጨመረብኝ ብሎ ኪራይ የሚጨምር አከራይ ደረሰኙን ያሳይ። ስንት እንደተጨመረበት፣ ከዚያ ውስጥ የተከራዩ ክፍል ድርሻ ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። 86 ብር ከሆነ 86 ብር ይባል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ በራሱ ስም ይጠይቅ። መንግሥትም በበኩሉ የሰበሰበው ግብር በየትኛው ሰፈር የትኛውን ቧንቧ፣ የትኛውን መንገድ እንደሠራ በዚያው ደረሰኝ ጀርባ ቢነግረን አይከፋም። ግብር የሚበላ ግብር ማብላት አለበት ብለናልና።

ተከራያችንን በቅርቡ ገበያ አገኘኋት። ልጅቱ አድጋለች። እኔን ስታይ እናቷ ጀርባ ተሸሸገች፤ እናቷ ግን እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ልነግራት የፈለግኩት ይኸው እዚህ የጻፍኩት ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን “እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ?” ብቻ ሆነ። “ደህና ነን ጋሼ” አለች።

ደረሰኙ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ። በፊቱ የእኔ ስም ተጽፏል። በጀርባው የባለቤቴ የእርሳስ ሂሳብ አለ፤ የመጨረሻዋ ቁጥር 914 ናት።